ጦርነቱ ሲያልቅ ሊፈርስ የተሠራ ቤት

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ከአፋችን የማይጠፋ ነገር አለ፤ «ለጊዜው ነው»። ሥራው ለጊዜው ነው። ቤቱ ለጊዜው ነው። አልጋው ሳይቀር ለጊዜው ነው። ዓመታት በኖሩበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር ያልመቱ ሰዎች አውቃለሁ። ገብታችሁ ስታዩት ትናንት የመጡ ይመስላችኋል። የአንድ አሮጌ የእንጨት ሕንፃ ታሪክ ልቤ ውስጥ የቀረው ለዚህ ነው።

የምሠራው ቦስተን አጠገብ፣ ካምብሪጅ ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው። ቫሳር በሚባለው መንገድ ላይ ግድግዳው ወዲህና ወዲያ ያዘመመ፣ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ አለ። ስታታ ሴንተር ይባላል። የነደፈው ፍራንክ ጌሪ ነው፤ የተከፈተው በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሰው ፎቶ ሲነሳበት ይውላል። አንድ ጡረታ የወጡ ቴክኒሺያን ደንበኛችን ግን «ቁም ነገሩ ከዚህ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ቤት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ስም እንኳ አልወጣለትም። ሕንፃ 20 ነው የሚባለው። በ1943፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሞ ሳለ ነው የተሠራው። ራዲዬሽን ላቦራቶሪ የሚባለው የራዳር ምርምር ቡድን ቦታ ጠቦት ነበር። ብረት ለጦር መሣሪያ ስለሚፈለግ ቤቱ በእንጨትና በኮምፔንሳቶ ቆመ። ሦስት ፎቅ ነው፤ ንድፉ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ ይባላል። የእሳት አደጋ ደንቡን ስለማያሟላ ከተማው ፈቃድ የሰጠው ጦርነቱ እስኪያልቅና ከዚያ በኋላ ላለው ስድስት ወር ብቻ ነበር። ጦርነቱ በ1945 አለቀ። ቤቱ የፈረሰው በ1998 ነው።

አሜሪካ በጦርነቱ ከተጠቀመችባቸው የራዳር ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ የወጡት ከዚያ ቡድን ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ከግንባር የተመለሱ ወጣቶች ሊማሩ ዩኒቨርሲቲውን አጥለቀለቁት። ቦታ ጠፋ። ቤቱም ይቆይ ተባለ። ከዚያማ ሌላ ቦታ ያጣ ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። ኖም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ የቋንቋ ጥናታቸውን ያስፋፉት እዚያ ነው። ኋላ በድምፅ ማጉያዎቹ ስሙ የናኘው አማር ቦዝም እዚያ ሠርቷል። የአሻንጉሊት ባቡር ክበብ የነበራቸው ተማሪዎች ሽቦ ሲፈቱና ሲገጥሙ እያደሩ፣ ዛሬ ሃከር ከምንላቸው የኮምፒውተር ፈልፋዮች የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

ምቾት እንዳይመስላችሁ። በሙቀቱ ወራት ቤቱ ይጋግራል፤ በብርዱ ነፋስ ያስገባል። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ ወለሉ ሲረግጡት ይንቋቋል።

ታዲያ ለምን ወደዱት? ማንም አይሳሳለትማ! ሽቦ ማሳለፍ የፈለገ ግድግዳውን ይበሳል። ክፍሉ የጠበበው መሃሉን አንስቶ ይጥላል። የፊዚክስ ምሁሩ ጄሮልድ ዛካሪያስና ባልደረቦቹ የአቶሚክ ሰዓት ሲሠሩ ሦስት ፎቅ የሚያህል የብረት ሲሊንደር ማቆም አስፈለጋቸው። የሁለት ፎቅ ወለል ቀደው አቆሙት። ወለሉ እብነ በረድ፣ ግድግዳው በቀለም ያጌጠ ሕንፃ ውስጥ ይሄን ማን ይፈቅዳል?

ባለፈው ጅማ ስሄድ ይህንን ታሪክ ይዤ ነው የሄድኩት። የእህቴ ልጅ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ጨርሷል። ከጓደኞቹ ጋር የቡና እርጥበት መለኪያ ሊሠሩ ያስባሉ። ጅማ ላላደገ ሰው ይሄ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። ገበሬው ጀንፈሉን ጆሮው አጠገብ አንኳኩቶ ያዳምጣል፣ ወይም ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ «ደርቋል» ይላል። ነጋዴው «እርጥብ ነው» ብሎ ዋጋ ይቆርጣል። ገበሬው የሚከራከርበት ቁጥር የለውም። ልጆቹ ቁጥሩን እጁ ላይ ሊያስገቡለት ነው።

«የት ደረሳችሁ?» አልኩት፣ ሄርማታ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን።

«ደህና ቦታ እስክናገኝ እየጠበቅን ነው፣ አክስቴ። ቢሮ የሌለውን ማን ያምናል?»

የሕንፃ 20ን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እነሱ እኮ ቤታቸው እንጨት ቢሆንም ኪሳቸው የመንግሥት ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። የጦርነት ገንዘብ እንደ ጎርፍ ይፈስ ነበር፤ አገሪቱ ካሏት ጎበዝ የፊዚክስ ሰዎችም ብዙዎቹ እዚያ ተሰብስበዋል። ኮምፔንሳቶ ብቻውን ሳይንስ አይወልድም። ግን ያንን ሁሉ ገንዘብ ይዘውም ያማረ ቤት አልጠበቁም። ይሄንንም አልኩት።

ጅማ ራሷ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ ኮሌጅ ሲጀመር ዓለማያ ገና አልተዘጋጀችም ነበርና የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተማሩት እዚሁ ጅማ ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እግሩን የተከለው እዚህ ለጊዜው ተጠግቶ ነው። ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ሰዎችስ? በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገሪቱ ውስጥ ሲገኝ በየጫካውና በየገበሬው ማሳ ዞረው በሽታው ያልነካውን ዛፍ ለቀሙ። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከመቱ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ዛሬም ገበሬው በዚሁ ቁጥር ነው የሚጠራቸው። ያንን ሥራ ሳስብ ኩራቴ ልክ የለውም።

ክርክራችንን የቋጨችው እህቴ ናት። «ሰርቪስ ቤቷን ውሰዷት። ሽንኩርቱን ወደ ጓዳ አስገባዋለሁ» አለች።

ሰርቪሷ የጭቃ ቤት ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ በማግስቱ መጡ። አንዱ በግድግዳው ዙሪያ ሚስማር እየመታ ገመድ አሳለፈ። ሌላው አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ ጠረጴዛ አደረገው። ጭቃው በየመዶሻው ምት እየተቀረፈ ይወርዳል። «አይዟችሁ፣ ምቱት፤ እለስነዋለሁ» ትላለች እህቴ ከበሩ ላይ ሆና። ማታውን በቴስተር ሲለኩ፣ ሲጨቃጨቁ፣ አንድ ሰሃን ጀንፈል ይዘው ሲሯሯጡ አመሹ። መሣሪያው ገና ነው፤ አንዱን ቡና ሁለቴ ሲለኩት ሁለት ቁጥር ይሰጣል። እነሱ ግን እየሠሩ ነው።

አሁን ይህንን የምጽፈው እንደኔ ውጭ ላላችሁ የጅማ ልጆች ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት ሠርታችሁ ዘግታችኋል። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ ስዞር ስንት የተቆለፈ በር አየሁ! ዋናውን ቤት አትስጡ። ሰርቪሷ ግን ሲሚንቶና የተረፈ ቆርቆሮ ተከምሮባት ነው ያለችው። አንድ አምፖል፣ አንድ ሶኬትና ግድግዳውን ለመብሳት ፈቃድ ያለበት ክፍል የሚፈልጉ ልጆች ሰፈራችሁ ውስጥ አሉ። ቁልፉ ያለው ዘመድ ዘንድ ነው። ዛሬ ማታ ደውሉና ክፈትላቸው በሉት።