የሲግናሊንግ መልእክትን በሲ ማሰናዳትና መፍታት፦ ከጎንደር የልምምድ ማስታወሻ

በጎንደር ማራኪ በተባለው ሰፈር ከሚኖሩ የሙያ ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን፣ ሞባይል ስልክና ኔትወርክ የሚለዋወጧቸውን የሲግናሊንግ (የግንኙነት መቆጣጠሪያ) መልእክቶች በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ኢንኮድና ዲኮድ ማድረግ፣ ማለትም ወደ ባይቶች ማሰናዳትና ከባይቶች መፍታት፣ እየተለማመድን እንገኛለን። የምንጠቀመው ሊብኦስሞኮር የተባለውን፣ ከኦፕንቢኤስሲ የሞባይል ኔትወርክ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ተነጥሎ የወጣና በጂፒኤል የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚገኝ ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፋንክሽኖች ስብስብ) ነው። ሥራው በሙሉ በኮምፒውተር ውስጥ ባሉ ፋይሎች ላይ የሚከናወን እንጂ በአየር ላይ የምናሰራጨው ነገር የለም። የሞባይል ኔትወርክ ደንቦችን የሚያወጣው የስሪጂፒፒ ስታንዳርዶችም ያለ ክፍያ ስለሚወርዱ፣ አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። እስካሁን ከተማርኩት ውስጥ ለእናንተ ለማካፈል የመረጥኩት፣ ማሰናዳትና መፍታት ተገላቢጦሽ ሥራዎች ቢመስሉም የሚጠይቁት ጥንቃቄ እኩል አለመሆኑን ነው። ልዩነቱም ጎልቶ የሚታየው ርዝመትን በሚናገሩት ባይቶች ላይ ነው።

ለልምምድ የመረጥኩት መልእክት በጂኤስኤም (በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ) ውስጥ ስልክ ያለበትን አካባቢ ለኔትወርኩ የሚያሳውቅበት ጥያቄ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በስታንዳርድ 24.008 ውስጥ ይገኛል። ስልኩ ሲበራ ይላካል፤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ያለ ስልክም በመንገዱ ላይ የአካባቢ ኮዱ ከተለወጠ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ይህንኑ መልእክት ይልካል። አማራጭ መስኮች ካልተጨመሩበትና የደንበኛው መለያ ባለ 15 አሃዝ ከሆነ፣ መልእክቱ በጠቅላላው 18 ባይት ነው። አጭር በመሆኑ የላይብረሪውን ፋንክሽኖች ከመጥራት በፊት በወረቀት ላይ በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ ለጀማሪም ይህንኑ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ላይብረሪው ምን እንደሚሠራልን የምናውቀው ሥራውን አስቀድመን ከቀመስነው ነው።

ባይቶቹን በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት) አጻጻፍ አስቀምጣለሁ፤ እያንዳንዱ አሃዝ ግማሽ ባይት ነው። የመጀመሪያው ባይት 05 ሲሆን፣ የታችኛው ግማሹ 5 መልእክቱ የእንቅስቃሴ አስተዳደር ክፍል መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ባይት 08 የመልእክቱን ዓይነት ይገልጻል። ሦስተኛው 72 ሁለት መረጃዎችን በአንድነት የያዘ ነው፤ የላይኛው 7 ስልኩ የምስጢር ቁልፍ ገና እንደሌለው ያመለክታል፣ የታችኛው 2 ደግሞ ስልኩ በርቶ እየተመዘገበ መሆኑን። ቀጥሎ የሚመጣው የአገርና የኔትወርክ ኮድ ነው፤ እኔም ጊዜዬን በብዛት ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ የአገር ኮድ 636 ሲሆን የኢትዮ ቴሌኮም የኔትወርክ ኮድ 01 ነው። በአካባቢው መለያ ውስጥ እነዚህ አሃዞች እያንዳንዳቸው በግማሽ ባይት፣ የመጀመሪያው በታች ሁለተኛው በላይ እየሆኑ ይቀመጣሉ። ስለዚህ 6 እና 3 ተገለባብጠው 36 ይሆናሉ። ሁለተኛው ባይት ከታች የአገሩን ኮድ የመጨረሻ አሃዝ 6ን፣ ከላይ ደግሞ የኔትወርክ ኮዱን ሦስተኛ አሃዝ ይይዛል፤ የእኛ ኮድ ሦስተኛ አሃዝ ስለሌለው ቦታው በመሙያው 15፣ በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ በኤፍ ይሞላና ባይቱ ኤፍ6 ይሆናል። ሦስተኛው 0 እና 1 ተገለባብጠው 10 ነው። ተከታዩ ሁለት ባይት የአካባቢ ኮድ፣ ከዚያ አንድ ባይት የስልኩ ችሎታ መግለጫ ሆኖ፣ በመጨረሻ የደንበኛው መለያ ከነርዝመቱ ይመጣል። ይኸው መለያ የሚጀምረው በዚያው በ636 እና በ01 ቢሆንም ባይቶቹ ፍጹም ሌላ መልክ አላቸው። የመጀመሪያው ባይት ከላይ 6ን፣ ከታች የመለያውን ዓይነትና የአሃዞቹ ቁጥር ጎደሎ መሆኑን የሚያመለክቱ ቢቶችን ስለሚይዝ 69 ይሆናል፤ ቀጣዮቹም 63 እና 10 ናቸው። አንድ ኮድ በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ በአንድ ቦታ 36፣ ኤፍ6፣ 10 ሆኖ፣ ጥቂት ባይቶች ወረድ ብሎ ደግሞ 69፣ 63፣ 10 ሆኖ ይገኛል። በሁለቱም ቦታ የመጨረሻው ባይት 10 መሆኑ ግን አንድ ደንብ ተከትለው የተጻፉ ያስመስላቸዋል። ሁለቱን አንድ ፋንክሽን ይበቃቸዋል ብሎ የሚነሳ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ላይብረሪው የኔትወርክ ኮዱን የሚይዝበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባዋል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ኮዱ ባለ ሦስት አሃዝ መሆን አለመሆኑን የሚናገር የእውነት ወይም ሐሰት መስክ አብሮ ያስቀምጣል። 01 እና 001 በስታንዳርዱ የተለያዩ ኮዶች ሲሆኑ፣ በሲ ውስጥ ግን ሁለቱም 1 ናቸው፤ መስኩ ባይኖር ኖሮ ዲኮድ የተደረገው መልእክት ተመልሶ ኢንኮድ ሲደረግ ሌላ ኔትወርክ ሊሆን ይችል ነበር።

መልእክቱን የሚሸከመው በፈር (ጊዜያዊ የማስታወሻ ቦታ) አሠራሩ ቀላል ነው። ማመልከቻ ስንጽፍ ከላይ ለቁጥርና ለቀን ባዶ ቦታ እንደምንተው ሁሉ፣ በፈሩም ሲፈጠር ከፊቱ ባዶ ቦታ ይያዝለታል። የታችኞቹ የፕሮቶኮል ንብርብሮች ራስጌያቸውን በዚያ ቦታ ላይ ስለሚጽፉ የተጻፈውን መገልበጥ አያስፈልግም። ከኋላ መጨመር፣ ከፊት መጨመርና ከፊት መቀነስ ሦስት የተለያዩ ፋንክሽኖች ናቸው፤ እነዚህን ያወቀ ሰው የማሰናዳቱን ግማሽ ጨርሷል። ባለ ሁለት ባይት ቁጥሮች ከትልቁ ባይት ጀምረው መጻፍ ስላለባቸው፣ የብዙዎቻችን ኮምፒውተር ደግሞ ከትንሹ ስለሚጀምር፣ ለዚህ የተዘጋጁትን ፋንክሽኖች መጠቀም ይገባል። በሲ የቢት መስኮች አቀማመጥ በኮምፓይለሩ ውሳኔ ስለሆነ እኔ ግማሽ ባይቶችን በሺፍትና በማስክ (ቢቶችን በማንሸራተትና በመሸፈን) መለየትን እመርጣለሁ፤ ከጓደኞቼ አንዱ በዚህ አይስማማም፤ ክርክሩም ገና አላለቀም።

ወደ መፍታት ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። አሰናጂው የሚጽፈውን ያውቃል፤ ፈቺው ግን ከፊቱ ያለው ባይት ሁሉ ከማያውቀው ሰው የመጣ ነው። ከግዴታዎቹ መስኮች በኋላ የሚመጡት አማራጭ መስኮች ታግ (የመስኩ መለያ ቁጥር)፣ ርዝመትና ዋጋ እየሆኑ ይሰለፋሉ። በስታንዳርድ 24.007 መሠረት ፈቺው የማያውቀው ታግ ቢያጋጥመው፣ የታጉ ስምንተኛ ቢት 1 ከሆነ መስኩ አንድ ባይት ብቻ ነው፣ 0 ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ባይት ርዝመቱ ነው። በዚህ ደንብ የቆየ ስልክ አዲስ መስክ የያዘ መልእክት ሲደርሰው የማይገባውን ዘልሎ የሚገባውን ማንበብ ይችላል። ስታንዳርዱ ደረቅ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን የነገን መስክ ሳያውቅ ዛሬ መንገድ የተወለት ይህን አንቀጽ በአድናቆት ነው ያነበብኩት።

የላይብረሪው ፈቺ ይህን ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ለእያንዳንዱ ታግ ርዝመቱንና ዋጋው የሚጀምርበትን ቦታ የሚያመለክት ፖይንተር ይመልሳል፤ የተጻፈው ርዝመት ከቀረው መልእክት ከበለጠም ስህተት መሆኑን ያሳውቃል። ዋጋውን ግን አይገለብጥም፤ ፖይንተሩ የሚያመለክተው ዋናውን በፈር ስለሆነ በፈሩ ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም አይቻልም። ከዚህም በላይ፣ መስኩ አለ ማለት በቂ ርዝመት አለው ማለት አይደለም። የሦስት ባይት ዋጋ የምንጠብቅበት መስክ ርዝመቱ 0 ሆኖ ቢመጣ ሰልፉ አልተበላሸም፤ ሦስቱን ባይት የሚያነብ ፕሮግራም ግን የሌላ መስክ ባይቶችን ያነባል። ላይብረሪው የመስኩን መኖርና ዝቅተኛ ርዝመቱን በአንድነት የሚያጣራ ማክሮ አለው፤ ሁልጊዜ እርሱን መጠቀም ተገቢ ነው። በ2014 በኦፕንኤስኤስኤል የምስጠራ ላይብረሪ ላይ የተገኘው ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ከዚሁ ዘር ነው፤ ላኪው የጻፈውን ርዝመት ያለማጣራት በማመኑ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ (ሜሞሪ) ይዘት ይሰጥ ነበር።

የርዝመት ባይት ትርጉም ራሱ የሚለዋወጥበት ቦታም አለ፤ የአጭር ጽሑፍ መልእክት። አንዱ መልእክት ለጽሑፉ ያለው ቦታ 140 ባይት ሲሆን፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ነው፤ ለምሳሌ «ን» በሄክሳዴሲማል 12 እና 95 በሆኑ ሁለት ባይቶች ትጻፋለች። ጽሑፉ ከአንድ መልእክት አልፎ ሲከፈል በተለመደው አከፋፈል 6 ባይት ለመቀጠያ ራስጌ ስለሚሄድ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ይቀራል። ለፈቺው ዋናው ጉዳይ የጽሑፉ ርዝመት ባይት በላቲኑ ጊዜ ባለ 7 ቢት ፊደላትን፣ በእኛ ፊደል ጊዜ ደግሞ ባይቶችን መቁጠሩ ነው። «ጎንደር» ብቻ የተጻፈበት መልእክት ርዝመቱ 8 ነው፤ የአጻጻፉን ዓይነት የሚናገረውን ባይት ሳይመለከት 8 ፊደል ብሎ የሚፈታ ፕሮግራም ከአራቱ ፊደላት አንዱንም አያገኝም።

ለፍተሻ በመጀመሪያ ያሰናዳሁትን በራሴ ፈቺ እፈታለሁ፤ ይህ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስታንዳርዱን አጣምሞ የተረዳ ሰው የጻፋቸው አሰናጂና ፈቺ በስህተቱም ይስማማሉ። ስለዚህ የኔትወርክ መልእክቶችን ፈትቶ የሚያሳየውን ዋየርሻርክን እንደ ገለልተኛ ምስክር እጠቀማለሁ። ባይቶቹን ከጽሑፍ ፋይል ዋየርሻርክ ወደሚያነበው ፒካፕ ፋይል ለውጦ፣ ለተጠቃሚ በተተወው የሊንክ ዓይነት 147 ሥር የእንዲህ ዓይነት መልእክቶችን ፈቺ፣ ማለትም የጂኤስኤም ዲታፕን፣ መመደብ ይበቃል። ቀጥሎ 18ቱን ባይት ከመጨረሻው እየቆረጥኩ፣ 17፣ 16 እያልኩ እስከ 0 ድረስ ለፈቺው እሰጣለሁ፤ ፕሮግራሙ ከወሰን ያለፈ የማስታወሻ ንባብን በሚይዘው በአድሬስ ሳኒታይዘር ኮምፓይል ከተደረገ አንድ ባይት እንኳ አልፎ ሲያነብ ወዲያው ይቆማል። አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ሳኒታይዘሩ የሚያውቀው የተመደበውን ማስታወሻ ወሰን ስለሆነ፣ የተቆረጠው መልእክት ልክ በርዝመቱ በተመደበ ቦታ ላይ ካልተቀመጠ በትልቁ በፈር ውስጥ የተደረገውን አልፎ ማንበብ አያይም።

ቀጣዩ ልምምዳችን በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የመሠረት ጣቢያና የኔትወርኩ ማዕከል የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ ኤስ1ኤፒ ነው። እዚያ መልእክቱ በኤኤስኤን.1 የመግለጫ ቋንቋ ተገልጾ በፒኢአር የባይት አጻጻፍ ደንብ ስለሚጻፍ፣ የሲ ኮዱን ኤኤስኤን1ሲ የተባለው ፕሮግራም ከመግለጫው ያመነጨዋል። ወሰኑ አስቀድሞ ያልተገለጸ ርዝመት ከ128 በታች ሲሆን በአንድ ባይት፣ ከዚያ እስከ 16,383 በሁለት ባይት ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ዋጋ ደግሞ ተቆራርጦ ይላካል። ይህን የመቆራረጥ ክፍል በመነጨው ኮድ ውስጥ በባይት ደረጃ የተከታተለ ሰው ካለ፣ የፈተሸበትን መልእክት ቢያካፍለን ቅዳሜ ከእርሱ እንጀምራለን።