ለየትኛው ልብ?

ሐጂ በየወሩ ከአጋሮ ጅማ ድረስ ለአይኤንአር ይመጣሉ፤ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ ለሚለካው ምርመራ። ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቫቸው ብረት ነው፤ ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ። ቁጥራቸው ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት፤ ከዚያም ወጥቶ አያውቅም ነበር። ድንገት 1.6 ሆነ፤ ደማቸው ለመርጋት ቀርቧል ማለት ነው።

ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ከ5 ሚሊግራም ወደ 7.5 አሳደገው። ጎመንም ከለከላቸው። ቁጥሩ ግን ፈቀቅ አላለም። ዶዙ እንደገና ተጨምሮበት ማዘዣው እኔ ጋ፣ ፋርማሲው መስኮት ደረሰ።

«ሐጂ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም ልጄ።»

«የባህል መድኃኒትስ?»

«ወላሂ ምንም። ጎመን እንኳ ቤቴ አልገባም።»

«ቫይታሚንስ?»

«እሱማ አለ። ቫይታሚን መድኃኒት ነው እንዴ?»

ከኮታቸው ኪስ አንድ ብልቃጥ አወጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከው ነው። ቫይታሚን ኬ2፣ 100 ማይክሮግራም። ላዩ ላይ አጥንትና ቀይ ልብ ተስሎበታል።

ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ያግዛል፤ ጎመን የተከለከለውም እሱ ስላለበት ነው። የዋርፋሪን ሥራ ደግሞ ቫይታሚን ኬ ጉበት ውስጥ እየታደሰ እንዳይሠራ ማገድ ነው። ሐጂ ጠዋት ጠዋት መዝጊያውንና መክፈቻውን አብረው ይውጡ ነበር። ያውም ኤምኬ-7 የሚባለውን ዓይነት፤ ደም ውስጥ ለቀናት የሚቆየውን።

እዚያው ልጃቸው ጋ ደወሉና ስልኩን ሰጡኝ።

«እህቴ፣ ካልሲየም የደም ሥር ላይ እንዳይከማች ያደርጋል። ለልብ ነው እኮ የሚለው!»

«ለየትኛው ልብ? ያባትህ ቫልቭ የሚፈራው የደም መርጋትን ነው።»

ዝም አለ። ልጁ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ጃፓን ውስጥ ኤምኬ-4 የተባለው ሌላው የኬ2 ዓይነት በቀን 45 ሚሊግራም ለአጥንት መሳሳት ይታዘዛል። የልቡ ነገር ግን እስካሁን በጥናት አሳማኝ ሆኖ አልወጣም። ብልቃጡ ላይ ይህ አልተጻፈም፤ የተሳለው ልብ ብቻ ነው።

ጣጣው ማቆሙ ላይ ነበር። ቫይታሚኑ ቀርቶ ዶዙ እንዳለ ከቀጠለ አይኤንአሩ ይተኮሳል፤ ሰውየው ሊደሙ ይችላሉ። ስለዚህ ለሐኪሙ ደወልኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ፋርማሲ መድኃኒት ማደል ትቶ ምርመራ ጀመረ እንዴ?» አለኝ።

ይቺ ነገር እስካሁን ቡና ስጠጣ ትዝ ትለኛለች። መልሱ የመጣልኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። ጥሩ መልስ ነበር፣ ምን ያደርጋል።

ለማንኛውም ዶዙን ወደ 5 መለሰ፤ በየሳምንቱም ቀጠራቸው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ቦታው ገባ። ጎመኑ ድሮም መከልከል አልነበረበትም፤ ዋናው መጠኑ አለመዋዠቁ ነው። ይህንንም ነግሬያቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በቀደም ካርዳቸውን አየሁት። ስለ ቫይታሚን አንድ ቃል የለም። «ታካሚው ጎመን እንዳይበላ በድጋሚ ተመክሯል» ይላል።