ፋሺዝምና ናዚዝምን ለመለየት ሦስት ወር ፈጀብኝ

ባለፈው እሑድ የሁለቱን ልዩነት ለጓደኞቼ ሳልደናቀፍ አስረዳሁ። ከሦስት ወር በፊት «ያው ናቸው» እል ነበር። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ሙሶሊኒ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1919 ሚላን ላይ ተከታዮቹን አሰባስቦ በ1922 ሥልጣን ያዘ፤ ሂትለር በ1933። ለሙሶሊኒ ከሁሉም በላይ መንግሥት ነው። ለሂትለር ዘር ይቀድማል፤ መንግሥት የዘሩ መሣሪያ ነው። ይቺን ሸምድጄ ጨረስኩ ብዬ ነበር። እስከ 1938 ድረስ የፋሺስት ፓርቲ አባል የሆኑ አይሁዶች እንደነበሩ ሳነብማ እርግጠኛ ሆንኩ።

ከዚያ የኛ አገር ታሪክ ላይ ደረስኩ። ዘር ዋና ነገሩ ካልሆነ፣ ፋሺስት ጣሊያን የሐበሻውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ መርካቶ ለምን ገፋው?

እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ቆምኩ። ያወጣኝ ካርድ ነው። የደብተር ወረቀት መዳፍ በሚያህል እየቆረጥኩ አንድ ሕግና አንድ ቀን ብቻ እጽፋለሁ። ከዚያ ወለል ላይ በተራ እደረድራለሁ። ግን ተሳሳትኩ። ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስረውን ሕግ «ሚያዝያ 1929» አልኩት። ናዚዎቹ አይሁዶችን ዜግነት የነፈጉበትን የኑረምበርግ ሕግ «1935»። ጣሊያን በ6 ዓመት ቀደመች! ለጓደኞቼም እንዲሁ ተናግሬ ኋላ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የኛ 1929 በፈረንጅ 1937 ነው። እባካችሁ ካርዳችሁ ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ።

ሲስተካከል ነገሩ በራልኝ። የናዚ ፓርቲ ሥልጣን ሳይዝ ገና በ1920 ፕሮግራሙ ላይ አይሁዳዊ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሏል። ፋሺስቶቹ ግን የዘር ሕጋቸውን ያጠበቁት እኛን ከወረሩ በኋላ ነው፤ በ1937 በቅኝ ግዛት፣ በ1938 በገዛ አገራቸው አይሁዶች ላይ። ናዚዝም ከዘር ተነሳ፤ ፋሺዝም በወረራ እየባሰበት ሄደ።

«ታዲያ ፋሺዝም ይሻላል» የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። የካቲት 12ን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩትን የማነጻጸሪያ ሠንጠረዦችም አልወዳቸውም፤ ቀን የላቸውም።

ኢኮኖሚውን ገና አልነካሁትም። አሁን ወለሉ ላይ ያለው የጁላይ 1943 ካርድ ነው። የፋሺስቶቹ ታላቅ ምክር ቤት በ19 ድምፅ በሙሶሊኒ ላይ ወሰነ፤ ንጉሡም በዚያው ቀን አሳሰሩት። ጀርመን ውስጥ ሂትለርን እንዲህ የሚያነሳ አካል አልነበረም። ይሄ ከርዕዮተ ዓለሙ የመጣ ነው ወይስ ንጉሥ ስለነበረ? እሱን እያነበብኩ ነው።