ጋዙ እስከ ጅማ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ቤንዚን ለመቅዳት ወረፋ እንደያዘች ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያ የሶማሌ ክልሉ ጋዝ ለባጃጅም ይሆናል ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ መጀመሩን ሰምቶ ኖሯል። ወረፋው ረጅም ስለ ነበር የማውቀውን ነገርኩት፤ ያን ጊዜ ያልበቃኝን እዚህ ልጨርሰው።

በመጀመሪያ የትኛው ጋዝ እንደ ሆነ መለየት ነበረብን፤ በእኛ ዘንድ ጋዝ ሲባል ለፋኖስ የምንገዛው ነጭ ጋዝም፣ በሲሊንደር የሚመጣው ቡታጋዝም ነውና። ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ስለ ሆነ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ይሆናል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን አብዛኛው ሚቴን በመሆኑ በተራው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ ፈሳሽ አይሆንም፤ ስለዚህ ትናንሽ መኪኖች 200 ባር በሚደርስ ግፊት አምቀው፣ በወፍራም ሲሊንደር ይዘውት ይጓዛሉ።

ሲቃጠል ለተመሳሳይ ጉልበት ከቤንዚን በሩብ ገደማ ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጥቀርሻውም ከቁጥር አይገባም። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 እ.ኤ.አ. የዴልሂ አውቶቡሶች ወደዚህ ጋዝ እንዲዞሩ ሲያዝ ምክንያቱ የከተማዋ ጭስ ነበር፤ ባለ ሦስት እግሮቹም ተከትለው ዞረዋል። ሆኖም ሚቴን ሳይቃጠል ካመለጠ፣ በመቶ ዓመት ሲሰላ አየሩን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ስለሚከፋ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ጥቅሙን ሁሉ ሊበላው ይችላል።

ጀርመኖች የሠሯት ኢኮ አፕ የተባለች ትንሽ የፎልክስዋገን መኪና 11 ኪሎ ጋዝና 10 ሊትር መጠባበቂያ ቤንዚን ትይዛለች፤ በፋብሪካው ልኬት በጋዙ ብቻ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ያ ልኬት የጊቤ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት አያውቅም። ጋዙ በሞተሩ ውስጥ የአየሩን ቦታ ስለሚሻማ ሞተሩ ከጉልበቱ ጥቂት ያጣል፤ እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ሆነን ከመነሻውም አየራችን ስስ ነው።

ስለዚህ ለሾፌሩ የመለስኩለት፣ ጋዙ ይሆናል፣ መቅጃው ግን ሩቅ ነው ብዬ ነው። ካሉብ ከእኛ አንጻር የአገሪቱ ሌላ ጫፍ ነው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረው የፊንጫ ኤታኖልም ቢሆን የስኳር ፋብሪካ ጎረቤት ይፈልጋል። ለእኛ የሚቀርበን፣ እሸት ቡና መፈልፈያዎች ወደ ወንዝ የሚለቁት ገለፈትና እጣቢ ነው፤ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲብላላ ከሚሰጠው ባዮጋዝ ከግማሽ በላዩ ሚቴን ስለ ሆነ፣ ከተጣራ ከካሉቡ ጋር አንድ ዓይነት ነዳጅ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለ ተከለከለ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የኤሌክትሪኩን ገዝቶ 184 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ጎረቤታችን ከግልገል ጊቤ አንድ መብራት ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ ባዮጋዙን ግን አሁን ላሉት ባጃጆች እመኝላቸዋለሁ።

ሾፌሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሲሊንደሩ ከኋላ ከተቀመጠ የገበያ ቀን ጆንያውን የት ልጫን?»