አማካይ ደመወዝ የሚበላ መምህር

የመንግሥት ፋይናንስን በዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ካስተማርኩ በኋላ በአንድ ክልል የፋይናንስ ቢሮ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። በሌሎች ፌዴራላዊ አገሮች የክልል የገንዘብ ሚኒስትር የሚባለው ሹመት በእኛ ዘንድ የቢሮ ኃላፊነት ይባላል እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣውን ድጎማ ክልሉ ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ጋር ደምሮ ለቢሮዎችና ለወረዳዎች መደልደል፣ ከዚያም ገንዘቡ ለተፈቀደለት ዓላማ መዋሉን መከታተል ነው። ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ቀመር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል፤ ክልሉ ደግሞ በተራው ለወረዳዎቹ የራሱን ቀመር ያወጣል። ወረዳዎች በጥቅል በጀት፣ ማለትም ድርሻቸውን በድምሩ ተቀብለው ራሳቸው በሚደለድሉት ገንዘብ፣ እንዲተዳደሩ የተደረገው በ1990ዎቹ አጋማሽ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ተጀምሮ ስለነበር፣ እኔ ቢሮው ስገባ አሠራሩ ሥር የሰደደ ነበር።

በልቤ ውስጥ አንድ አርአያ ይዤ ነበር የሄድኩት። ተማሪዎቼን ስለ ያልተማከለ አስተዳደር ሳስተምር በሕንድ የኬረላ ግዛት የሆነውን ደጋግሜ አነሳ ነበር። እዚያ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግዛቲቱ ከልማት ዕቅድ በጀቷ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ለአካባቢ አስተዳደሮች ለመስጠት ወሰነች፤ ከእንቅስቃሴው ግንባር ቀደም መሪዎች አንዱ የነበረው የምጣኔ ሀብት ምሁር ቶማስ አይዛክም ከአሥር ዓመት በኋላ የግዛቲቱ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ምሁር ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ይህን ያህል መሥራት እንደሚችል ማሳያዬ እርሱ ነበር። ለተማሪዎቼ መቶኛውን አስተምር ነበር፤ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት የመንደሩ ነዋሪ በጉባኤ ተሰብስቦ ይወያይበት እንደነበር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈው ነበር።

በቢሮው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ለወረዳዎች የሚደለደለውን በጀት ቀመር ማሻሻል ሆነ። የቀድሞው ቀመር በሕዝብ ብዛት፣ በልማት ደረጃና በገቢ አሰባሰብ ጥረት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሕዝቡ ቁጥር ራሱ በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው ቆጠራ በትንበያ የሚመጣ ነበር። እኔም ወረዳው በትክክል የሚሰጠውን አገልግሎት ወጪ መለካት ይሻላል ብዬ የነጠላ ዋጋ ስሌት አዘጋጀሁ። ትምህርትን በሚመለከት የእያንዳንዱን ወረዳ መምህራን ቁጥር ወስጄ በክልሉ አማካይ የመምህር ደመወዝ አባዛሁት። ስሌቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ፍትሐዊ ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ካቢኔውም ምክር ቤቱም ተቀበለው።

በጥር ወር አንድ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሁለት ቀን ተጉዘው መጡ። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ ከሒሳብ ሠራተኛነት ተነሥተው እዚያ የደረሱ ሰው ነበሩ። በገመድ የታሰረ የስድስት ወር ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ዶክተር፣ በዚህ አካሄድ የ6111 በጀታችን ግንቦትን አይሻገርም» አሉኝ። 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈልበት የሒሳብ መደብ ነው። እኔ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የወረዳቸውን ድልድል አየሁ፤ የመምህራኑ ቁጥር ትክክል ነው፤ ብዜቱም ትክክል ነው። «ቁጥሩ ይበቃችኋል፤ ምናልባት ያልተፈቀደ ቅጥር ይኖር እንደሆነ አጣሩ» ብዬ መለስኩላቸው። ፔሮሉን አልፈታሁትም። እርሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ ጥቅሉን ይዘው ወጡ። ዛሬም ድረስ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ያ ገመድ ሳይፈታ መውጣቱ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የዚያ ወረዳ መምህራን ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀረ። በማግስቱ ወደ ወረዳው ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ፔሮሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳነብ ያላየሁት ነገር የሙያ ደረጃ በሚጻፍበት በሦስተኛው ዓምድ ላይ ተጽፎ አገኘሁት፤ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር። ወረዳው በዋናው መንገድ ላይ ያለ፣ ውኃና መብራት ያለው በመሆኑ፣ አንዴ የተመደበ መምህር ትዳር መሥርቶ፣ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል፤ የአገልግሎት ዘመኑ ሲጨምርም በሥራ ምዘና ደረጃው ያድጋል፤ ደመወዙም አብሮ ያድጋል። ራቅ ያለው ወረዳ ግን ጀማሪ መምህር ይቀበላል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በዝውውር ይለቃል፤ በቦታው ሌላ ጀማሪ ይመጣል።

ነገሩን ለስሌት በሚመች ምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ወረዳዎች እያንዳንዳቸው 300 መምህራን አላቸው እንበል፤ በአንደኛው መምህሩ በአማካይ 7,500 ብር፣ በሁለተኛው 5,500 ብር ይከፈለዋል። የእኔ ቀመር ለሁለቱም በ6,500 ብር ያሰላ ነበር። የመጀመሪያው ወረዳ በዓመት 23.4 ሚሊዮን ብር ይመደብለታል፤ የሚያስፈልገው ግን 27 ሚሊዮን ነው። በወር 2.25 ሚሊዮን እየከፈለ ከሐምሌ ጀምሮ ሲጓዝ አሥረኛውን ወር ሚያዝያን ይጨርሳል፤ ለግንቦት የሚተርፈው ከግማሽ በታች ነው፤ ለሰኔ ምንም የለም። የፋይናንስ ኃላፊው በጥር ወር የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። መምህራን ተረጋግተው እንዲቆዩ የሚፈልግ ክልል፣ መምህራኑን ያቆየውን ወረዳ በበጀት ይቀጣ ነበር ማለት ነው፤ ቀጪውም እኔ ነበርኩ።

መፍትሔው በአንድ ቀን የሚገኝ አልነበረም። ወረዳው ከካፒታል በጀቱ ወስዶ ደመወዝ እንዳይከፍል ሕጉ ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወርን ይከለክላል፤ ክልከላውም ተገቢ ነው፤ ባይኖር ኖሮ የጤና ጣቢያውና የውኃው ግንባታ ሁሉ ለደመወዝ ይበላ ነበር። የቀረው መንገድ የክልሉ መጠባበቂያ በጀት ሲሆን፣ እርሱም የካቢኔ ውሳኔ ይጠይቃል። የግንቦት ደመወዝ የተከፈለው ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት መምህራኑ በሱቅ ዱቤ ኖሩ፤ ከቁጠባና ብድር ማኅበራቸው የተበደሩትም ክፍያው ከፔሮል ላይ የሚቆረጥ ስለነበር የብድራቸው ወር ሳይከፈል አለፈ። አንዲት የሃያ አራት ዓመት አገልግሎት ያላት መምህርት፣ «እኔ ልጆቹን ለፈተና እያዘጋጀሁ ነው፤ እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠየቅኋት። የፋይናንስ ኃላፊውንም በሠራተኞቻቸው ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «ፔሮሉን ሳያዩ የመለሱኝ በሠራተኞቼ ፊት ስላልነበረ አያስፈልግም» ቢሉኝም፣ ጥፋቱ የእርሳቸው ነው ተብሎ በወረዳው ውስጥ ሲወራ መክረሙን ሰምቼ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የሁሉንም ወረዳዎች ፔሮል በደረጃ ከፋፍለን ሰበሰብን። ቀመሩም በአማካይ ደመወዝ ፈንታ በየደረጃው ባለው መምህር ቁጥር እንዲሠራ ተደረገ። ረቂቁ ወደ ካቢኔ ከመሄዱ በፊት የወረዳ ፋይናንስ ኃላፊዎችን ሁሉ ጠርተን ከእውነተኛው ፔሮላቸው ጋር አስተያይተው እንዲያርሙት ሦስት ቀን ሰጠናቸው። በሁለተኛው ቀን ከሩቅ ወረዳ የመጡ አንድ ኃላፊ እጃቸውን አነሱ። ባለፈው ዓመት ከጀማሪ መምህራኖቻቸው ደመወዝ የተረፈውን ገንዘብ አዛውረው በሒሳብ መደብ 6217 ለነዳጅ፣ በ6231 ለውሎ አበል በማዋላቸው ሱፐርቫይዘሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ትምህርት ቤቶች መጎብኘት ችለው እንደነበር አስረዱና፣ «አሁን ይህ ሲነሣብን በምን እንሄዳለን?» ብለው ጠየቁ።

እውነታቸውን ነበር። የአንዱን ወረዳ ጉድለት የምሞላበት ገንዘብ ከእነርሱ የሚነሣ ነው፤ በዚያ ዓመት ክልሉ ሌላ ምንጭ አልነበረውም። ቅናሹ በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅባቸው በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲፈጸም፣ ለሩቅ ወረዳዎችም የሥራ ማስኬጃው ስሌት የትምህርት ቤቶቹን ርቀት እንዲቆጥር ሐሳብ አቅርበን ካቢኔው አጸደቀው። የርቀቱ ጭማሪ ከተቀነሰባቸው ገንዘብ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ይህንን ለኃላፊው ራሴ ደውዬ ነገርኳቸው፤ የትኞቹን ትምህርት ቤቶች ከጉብኝት እንደሚያስቀሩም በስልክ አንድ በአንድ እየጠሩ አስመዘገቡኝ።