ጎጀብ ከመውረዴ በፊት ጅማ ላይ

ዓሣ ማጥመድ የተማርኩት ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ በሚያልፈው ወይብ ወንዝ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የሚባል ዓሣ ጥላ ካየ ይሸሻል፤ መንጠቆ ላይ ላባ ጠምጥመን ለማታለያ የምንሠራት ዝንብ ውሃው ላይ ስታርፍ ድምፅ ካሰማች ያ ቦታ ለዚያ ቀን አበቃለት። ለዓመታት እጄን ያስለመድኩት ዝምታን ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የጎጀብን ወንዝ ልሞክር ብዬ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። እስከ ጅማ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከጊቤ በረሃ ሙቀት በቀር የማወራበት ነገር የለውም። ስደርስ መሽቷል። ባጃጁ ከመናኸሪያ እስከ አልጋ ቤቱ 300 ብር አስከፈለኝ፤ በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ80 ብር ሄድኩት። ከብሩ ይልቅ የከነከነኝ የማጥመጃ ዘንጌን ረጅም ማኅደር ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ ዋጋ መጥራቱ ነው። ሌሊቱንም አልተኛሁም። ከግድግዳው ማዶ ሙዚቃው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲደልቅ አደረ። ዲንሾ ማታ የሚሰማው ጅብና ንፋስ ነው፤ እንቅልፌ ሌላ አያውቅም።

ጠዋት ዓይኔ እንደቀላ ጀበና ቡና ካለበት ተቀመጥኩ። ከጎኔ ከሸቤ በኩል የመጡ አዛውንት ነበሩ።

«አባባ፣ የጎጀብ ዓሣ ምን ይበላል?» አልኳቸው።

«ያገኘውን ይበላል። ሾላ ሲበስል ግን ከዛፉ ሥር አይጠፋም። ፍሬው ጠብ ሲል ሰምቶ ነው የሚመጣው፣ ልጄ።»

ሲኒውን አስቀመጥኩት። የፍሬውን መጠን በአውራ ጣታቸው ጫፍ አሳዩኝ፤ ቀለሙን ስጠይቅ የቡናውን ጀበና ጠቆሙ። ዓሣ የሚያደነዝዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ ስለሚበትኑ ሰዎችም ነገሩኝ፤ ዓሣው ትንሽ ትልቁ ሳይለይ ራሱን ስቶ ይንሳፈፋል። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔም አንጀቴ አረረ። ወንዝን በዚያ መንገድ ባዶ ማድረግ ለነገ ልጆች ምንም አለማስቀረት ነው።

እንግዲህ ከባሌ ያመጣሁት ሣጥን ሙሉ ዝምተኛ ዝንብ አልሆነኝም፤ እንደ ሾላ ፍሬ ጠብ የምትል ያስፈልገኛል። ጎጀብ ላይ የምፈልገው ባርበስ ነው፤ ትልልቅ ቅርፊትና ሥጋማ ከንፈር ያለው ጉልበተኛ ዓሣ። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ የሚፈጨው በጉሮሮው ነው፤ ስለዚህ ክሩን ነክሶ እንዳይበጥስ የሚታሰረው የሽቦ ጫፍ አያሻም። ወፍራም ክርና ጠንካራ ዘንግ ግን ግድ ነው። ባለ 5 ቁጥሩን ዘንግ ሻንጣ ውስጥ ትቼ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ጠንካራውን ባለ 8 አወጣሁ።

ሐሙስ ነበርና ሂርማታ ገበያ ሞልቷል። ቡናማ የበግ ፀጉር ወዲያው አገኘሁ። ዶሮ ከሚሸጡ እናት ዘንድ ሄጄ የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይሸጡልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ላባ ይሸጣል እንዴ?» አሉና አንድ ልጅ ጎረቤት ምግብ ቤት ላኩ። ጠዋት ከታረደ ገብስማ ጥቁርና ነጩ የተሰባጠረ ላባ በፌስታል ሞልቶ መጣ። ገንዘብ ባወጣ እጄን መልሰው ኪሴ ከተቱት። እንዲህ ያለ ላባ ከውጭ ሲመጣ ስንት እንደሚጠየቅበት አውቃለሁና ምርቃታቸውን ተቀብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ማታ መንጠቆ ቆንጥጦ የሚይዝልኝን ሞርሳ ከጠረጴዛው ጫፍ አሰርኩ። ቁጥር 4 መንጠቆ፣ እሾሁ በፒንሳ የተደፈጠጠ፣ ዓሣው ሳይጎዳ እንዲለቀቅ። የሾላ ፍሬ እንዲመስል ፀጉሩን ጠምጥሜ በመቀስ አከበብኩት፤ ከአንገቱ ላይ ሁለት ዙር ላባ። ከዚያ ባልዲ ውሃ ሞልቼ ከደረቴ ከፍታ ለቀቅኳት። ድምፅ የላትም፤ እጄ አሁንም ለትራውት ነው የሚሠራው። ከሥሯ የመዳብ ሽቦ ጨመርኩ። አምስተኛዋ ላይ ባልዲው «ጠብ» አለ። ሙዚቃው ገና ስላልጀመረ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ስድስት እንደሷ ያሉ ሠራሁ።

ዓርብ በጠዋት በቦንጋ መኪና ሄጄ ድልድዩ ጋ ወረድኩ። ጎጀብ ሻይ በወተት መስሏል፣ ታቹ አይታይም። ዳር ዳሩን ቁልቁል ስሄድ አንድ ሾላ ወደ ውሃው ተጋድሞ አገኘሁ። ክሬን እየቋጠርኩ ሳለ አንድ ፍሬ ወደቀ። ውሃው ከሥሩ ጎብጦ ተነሣ፣ ፍሬው ጠፋ።