ከበጉ በፊት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! 55ቱን ቀን በጾም ያሳለፋችሁ፣ በሕመም ምክንያት መጾም ያልቻላችሁ፣ በሰው አገር ሆናችሁ በዓሉን የምትናፍቁ፣ ሁላችሁንም እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

ይህን የምጽፈው ቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ ነው። ፒያሳ ላይ ግማሹ ሰው ራሱ ላይ ቄጤማ አስሯል፤ ግማሹ በግ ይጎትታል። ዋጋው ዘንድሮም የሚቀመስ አይደለም። ቢሆንም የቻለ በግ፣ ያልቻለ ዶሮ ይዞ ይገባል፤ ቅርጫ የገባም አለ። በየግቢው በግ ይጮኻል። እኔ ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ንጉሥ ሳኦል ትዝ ይለኛል።

ታሪኩ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ላይ አለ። ሳኦል ከአማሌቅ ምንም እንዳያስቀር ታዘዘ። ዘመተ፣ ድልም አደረገ። ግን ንጉሡን አጋግን ማረከው፤ ከበጉና ከበሬው የሰባ የሰባውን አስቀረ። ነቢዩ ሳሙኤል ሲመጣ፣ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ አለው። ታዲያ ይህ በጆሮዬ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው? ሲል ሳሙኤል ጠየቀ። ሳኦል መልስ አላጣም። ለእግዚአብሔር የሚሠዋ ነው አለ። «መታዘዝ ከመሥዋዕት፥ ማዳመጥም የአውራ በግ ስብ ከማቅረብ ይበልጣል» የተባለው ያኔ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሳኦል ጨርሶ አለመካዱ ነው። ከታዘዘው አብዛኛውን አድርጓል። ዓይኑ የወደደውን ብቻ አስቀርቶ የእግዚአብሔርን ስም ለጠፈበት። እኛስ? ሁዳዴን ሙሉ ወተት ሳንቀምስ የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ እናዘገያለን። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሰግደን፣ በውርስ ቤት የተኳረፍነውን ወንድማችንን ሳናናግር ሌላ ፋሲካ እንቀበላለን። ከዚያ ትልቅ በግ አርደን ለነዳያን እናካፍላለን። ማካፈሉ መልካም ነው። የተጠየቅነው ግን ሌላ ነበር።

ጾምና ስግደትን እያቃለልኩ አይደለም፤ በፍጹም። ሥጋችን መታዘዝን የሚማረው እዚያ ነው። ትናንት ዓርብ አራዳ ጊዮርጊስ ነበርኩ። ስግደቱ ሲያበቃ ምእመናን ካህናቱ ፊት ተሰለፉ። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን እየጠበጠቡ ተጨማሪ ስግደት ያዝዛሉ። አንድ ጂንስ የለበሰ ወጣት ተራው ደረሰ። ላቡ ሸሚዙን ጀርባው ላይ አጣብቆታል። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር በሹክሹክታ ተናገረ። ካህኑ ጠበጠቡትና ቁጥር ነገሩት። «እሺ አባቴ» አለ። ወደ ዳር ወጣ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ ደግሞ ጀመረ። ቆሜ አየሁት። «ሂድና ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ስንባልም እንዲህ «እሺ» ብንል ብዬ ተመኘሁ፤ ለራሴም ለሁላችንም።

ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ፣ ግን የእኔ ፈቃድ ሳይሆን የአንተ ይሁን አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ እስከ መስቀል ሞት ታዘዘ፣ በዚህ ምክንያት እግዚአብሔር ያለ ልክ ከፍ ከፍ አደረገው ይላል። «በዚህ ምክንያት» የምትለዋን አትለፏት። ዛሬ እልል የምንልለት ትንሣኤ በዚያ መታዘዝ በኩል ነው የመጣልን።

መታዘዝ አንገት መድፋት ብቻ የሚመስለው ካለ ደግሞ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለለት። ጣሊያኖች አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛላቸው እንዲናገሩ ጠየቋቸው። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ሕዝብ እያየ በጥይት ገደሏቸው። በሐዋርያት ሥራ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ካሉት አንዱ ስማቸውን የያዙት ሐዋርያ ነው። ሐውልቱ በ2005 ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ተመልሷል። በዓሉን አስታክካችሁ ወደ ፒያሳ ከወጣችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ታሪኩን ንገሯቸው።

እኛን ዛሬ በጥይት የሚያስፈራራን የለም። የሚጠበቅብን የአንድ ስልክ ጥሪ፣ የአንድ ዕዳ ክፍያ፣ የአንድ እውነት ቃል ሊሆን ይችላል። ጌታ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል። እንግዲህ ዛሬ ማታ፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ ዶሮው እሳት ላይ እያለ ያንን ስልክ እንደውል። ላያነሡ ይችላሉ። ነገም እንደውላለን።

ሌላም አደራ አለኝ። ከፒያሳና ከካዛንችስ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ የድሮ ጎረቤቶች አሉን። ለዓመታት በዓል ሲመጣ ቡና አብረን ጠጥተናል፣ ድፎ ዳቦ ተቆራርሰናል። አሁን ማን ቤታቸውን እንደሚያንኳኳ እንጃ። ታክሲው ሁለት ሦስት ቢያስይዝም ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ።

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።